ቀንድ የሌለው እስክንድር

በኮልፌ ቀራንዮ እስክንድር በሁለት በር ይገባል።

አንደኛው የዓርብ በር ነው። በዕለቱ ሱረቱል ካህፍ ሲቀራ የዙልቀርነይን ታሪክ ይሰማል። ዙልቀርነይን ፀሐይ እስከምትጠልቅበትና እስከምትወጣበት የተጓዘ ባለ ሁለት ቀንድ ገዥ ነው። የእጁጅና መእጁጅ ላስጨነቁት ሕዝብ በሁለት ተራሮች መካከል የብረትና የቀለጠ መዳብ ግድብ ሠራለት። ሕዝቡ ሊከፍለው ያሰበውን ግብር ግን አልተቀበለም። ግድቡ የፈጣሪ ችሮታ እንደሆነና ቀኑ ሲደርስ እንደሚፈርስም ተናገረ። ቁርኣን ይህን ሰው እስክንድር ብሎ አይጠራውም፤ ከሙፈሲሮች ብዙዎቹ የመቄዶንያው እስክንድር ነው ሲሉ ሌሎች ደግሞ አይደለም ብለው ይሞግታሉ።

ሁለተኛው የግእዝ በር ነው። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት እስክንድርን ከዜና እስክንድር፣ ከጊዮርጊስ ወልደ አሚድና ከዮሴፍ ወልደ ኮርዮን መጻሕፍት ያውቁታል። እዚህም ባለ ሁለት ቀንድ ነው። ጎግና ማጎግን በበር ይዘጋል፣ በጨለማ አገር አልፎ የሕያዋንን ምድር ይፈልጋል፣ ሄኖክና ኤልያስ ስላሉበት ስፍራ ይሰማል። ሞትን የሚያስብ፣ ንጽሕናን የሚወድ፣ ከዓለም ሁሉ በላይ ከፍ ብሎ ዓለምን ትንሽ ሆና ያያት ንጉሥ ነው።

ከእነዚህ በሮች በአንዱ የገባውን ንጉሥ ይዞ የሚያድግ ሰው አንድ ቀን ሦስተኛውን እስክንድር በስክሪን ያገኘዋል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1956፣ በእኛ አቆጣጠር በ1948 ዓ.ም.፣ ሆሊውድ «ታላቁ እስክንድር» የሚል ፊልም ለተመልካች አቀረበ። ድርሰቱም፣ ፕሮዲውሰርነቱም፣ ዳይሬክተርነቱም የሮበርት ሮሰን ነበር። ሪቻርድ በርተን እስክንድርን፣ ፍሬድሪክ ማርች አባቱን ፊልጶስን፣ ዳንየል ዳርዩ እናቱን ኦሎምፒያስን ሆነው ተጫወቱ። ብዙ ድካምና ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት፣ በቅን ልብ የተሠራ፣ ሆኖም ተሰንጥቆ የቀረ ሥራ ነው። በዚህ ፊልም ውስጥ ያለው እስክንድር ቀንድ የለውም።

ይህ ምዕራፍ ቀንዱ የት እንደወደቀ ይፈልጋል። ፍለጋው ፊልሙ የዘለለውን አንድ ዓመት ያሳየናል። እስክንድር ወደ ኮልፌ የመጣው በዚያ ዓመት በኩል ነው፤ ፊልሙ ራሱ ሲጠይቅ ለሚቆየው ጥያቄ መልስ የነበረውም እዚያው ነው።

ስክሪኑ ለምን ሰፋ

እነዚህ ትልልቅ ፊልሞች ለምን እንደተሠሩ ለመረዳት ከታሪክ መጽሐፍ በፊት የአሜሪካን ሳሎን ማየት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1950 ቴሌቪዥን የነበራቸው የአሜሪካ ቤቶች ከአሥር አንድ አይሞሉም ነበር፤ በ1955 ከግማሽ በላይ ሆኑ። ሰው በነፃ ቤቱ ተቀምጦ የሚያየውን ትቶ ሲኒማ እንዲሄድ ቤቱ የማይገባ ነገር ሊቀርብለት ግድ ሆነ። በ1953 ሲኒማስኮፕ መጣ። ቁመቱ አንድ ክንድ ቢሆን ወርዱ ከሁለት ክንድ ተኩል የሚያልፍ ምስል ነው። በዚህ ስልት የወጣው የመጀመሪያው ፊልም የክርስቶስን ቀሚስ ታሪክ የሚተርከው «ዘ ሮብ» ሲሆን ዋናው ተዋናይ ያው በርተን ነበር።

ሰፊ ምስል ሰፊ ታሪክ ይፈልጋል። አንድ ሰው ብቻውን ክፍል ውስጥ ሲያወራ በሲኒማስኮፕ ግራና ቀኙ ባዶ ይቀራል፤ የተሰለፈ ጦር፣ የአምድ ረድፍ፣ የቤተ መንግሥት ደረጃ፣ የፈረሰኛ መስመር ግን ይሞላዋል። ሆሊውድ ወደ ግብጽ፣ ወደ ሮምና ወደ ግሪክ የሮጠው አንድም ለዚህ ነው። ሌላው ምክንያት ወጪ ነው። ስፔንና ጣሊያን ርካሽ ጉልበት፣ ደረቅ ኮረብታና የማያቋርጥ ፀሐይ ነበራቸው። ሮሰን ፊልሙን በስፔን ቀረጸ፤ ካሜራውን የያዘው በ«ዘ ሰርድ ማን» ኦስካር የተሸለመው ሮበርት ክራስከር ነበር።

ይህ ዛሬ ፊልሙን ስናይ የሚጎዳን ነገር አለው። ሰፊ ፊልሞች ለቴሌቪዥን ሲዘጋጁ ለብዙ ዘመን ግራና ቀኛቸው ይቆረጥ ነበር። ክራስከር አባትን በአንድ ጫፍ ልጅን በሌላው ጫፍ አቁሞ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ሲያሳይ፣ የተቆረጠው ቅጂ አንዱን ብቻ ያስቀራል፤ ርቀቱም አብሮ ይጠፋል። በቪዲዮ ቤት ዘመን በኮልፌም ሆነ በመርካቶ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ የጥንት ግሪክን ፊልም ያየ ወጣት በብዛት ያየው እንዲህ ያለውን ነው። አሁን በስልክ የሚያይ ደግሞ ሙሉው ወርድ ቢመጣለት እንኳ ሠራዊቱ በጣት ስፋት ቀጭን መስመር ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ፊልሙን እንደገና የሚያይ ሰው ሙሉ ወርዱን የያዘ ቅጂና ከተቻለ ትልቅ ስክሪን ይፈልግ። ግማሹ የፊልሙ ንግግር ያለው በሰዎቹ መካከል በተተወው ቦታ ነው።

ጠያቂው ሰው

ሮሰን ስለ ሥልጣን መጠየቅ የጀመረው በእስክንድር አይደለም። በ1949 የሠራው «ኦል ዘ ኪንግስ ሜን» ለድሃ ልቆም ብሎ ተነሥቶ ራሱ አምባገነን የሆነ ፖለቲከኛን ታሪክ ይተርካል፤ የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተብሎ ኦስካር አግኝቷል። ከዚያ በኋላ ሥልጣን ወደ ራሱ ቤት መጣ። ሮሰን በወጣትነቱ የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ነበር። በ1951 የአሜሪካ ምክር ቤት መርማሪ ኮሚቴ ጠርቶት የሌሎችን ስም አልሰጥም አለ፤ ሥራ ተከለከለ። በ1953 ተመልሶ ቀርቦ ከ50 በላይ ሰዎችን ስም ሰጠ፤ ሥራ ተፈቀደለት። እስክንድርን የሠራው ከዚህ ሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ይህን ማወቅ ለፊልሙ ቁልፍ ይሰጣል። ፊልሙ ስለ ድል አድራጊ ሰው ነው ተብሎ ቢሸጥም ልቡ ያለው በአንድ ወጣትና በአንድ ኃያል መካከል ነው። ኃያሉ የሚፈልገውን ካደረግሁ እኔ ማን ሆኜ እቀራለሁ? እምቢ ካልሁስ? ፊልጶስና ኦሎምፒያስ ልጁን በሁለት አቅጣጫ ይጎትቱታል። አባት የእኔ ልጅ ነህ፣ ሠራዊቴን ትወርሳለህ ይለዋል። እናት ከአምላክ ተወልደሃል፣ ለእርሱ አትገዛ ትለዋለች። የፊልሙ ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገባል፦ የማን ልጅ ነኝ?

በዚህ ጥያቄ ዙሪያ እስካለ ድረስ ፊልሙ ብርቱ ነው። ማርች የተጫወተው ፊልጶስ የቆሰለ፣ የሚጠጣ፣ ልጁን የሚወድና የሚፈራ ሰው ነው። በ338 ቅ.ል.ክ. በካይሮኔያ ግሪኮችን ድል ካደረገ በኋላ ሰክሮ በሬሳዎች መካከል ሲጨፍርና ሲፎክር የሚታይበት ትዕይንት አለ። ይህ የሮሰን ፈጠራ አይደለም፤ ፕሉታርክ በዴሞስቴኔስ ታሪክ ውስጥ የጻፈው ነው። ማርች ግን ለድሉ የከፈለው ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ በሰውነቱ ያሳየናል። ጭፈራው ሲረዝም ደስታው ወደ እብደት ይጠጋል፤ ከሩቅ የሚያየው ልጁም ይህንን ሰው መውረስ ምን ማለት እንደሆነ ያያል።

ሁለተኛው ብርቱ ቦታ የግራኒኮስ ጦርነት ነው፤ ዘመኑ 334 ቅ.ል.ክ. ነው። ለፋርስ ተቀጥረው የተዋጉ ግሪኮች እጃችንን እንስጥ ብለው ለመኑ፤ እስክንድር እምቢ ብሎ አስፈጃቸው። የጥንት ጸሐፊዎች የመዘገቡት ነው፤ ፊልሙም አልሸሸገውም። የቅጥረኞቹ አለቃ ሜምኖን፣ በፒተር ኩሺንግ የተወከለው፣ በፊልሙ እዚያው ይሞታል፤ እውነተኛው ሜምኖን ግን የሞተው በቀጣዩ ዓመት ሚቲሌኔን ከብቦ ሳለ በሕመም ነው። የታሪክ መምህር እዚህ ላይ ቀይ እስክሪብቶ ያነሣል። ለእኔ ይህ ለውጥ ይቅር የሚባል ነው፤ ምክንያቱም ወሬውን ሳይሆን ሞቱን አቅርቦ የእስክንድርን ጥፋት ፊት ለፊት ያቆመዋል። በዚያ ዘመን የድል አድራጊን ጭካኔ እንዲህ በግልጽ ያሳየ የሆሊውድ ፊልም ብዙ አይገኝም።

ስንጥቁ

ከዚያ በኋላ ግን ፊልሙ መሮጥ ይጀምራል። ፊልጶስ እስኪገደል አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በሕይወት ዘመኑ ዓለምን የቀየረው የእስክንድር የ11 ዓመት ዘመቻ ለቀረው ጊዜ ይጨመቃል። ታላላቆቹ የኢሶስና የጋውጋሜላ ጦርነቶች እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ለሰባት ወር ከተማ የተከበበበት የጢሮስ ጦርነት የለም። የሕንድ ዘመቻ በጥቂት ምስሎች ይታለፋል፤ ከዝሆን ጋር የተዋጋው ንጉሥ ጶሮስ ስሙም አይነሣ። ሮሰን መጀመሪያ ያዘጋጀው ቅጂ እጅግ የረዘመ ነበር፤ ለሲኒማ ሲበቃ ተቆርጦ ወደ ሁለት ሰዓት ከ20 ደቂቃ ወረደ። መቆረጡ ፍጥነት አላተረፈለትም። ምክንያት የጎደላቸው ድሎች ተከታትለው ይመጣሉ፤ ተመልካች እስክንድር ከዚህ ከተማ ወደዚያ ለምን እንደሄደ አይገባውም።

በርተንም በዚህ ተጎዳ። ድምፁ ከእንግሊዝ መድረክ የመጣ ታላቅ ድምፅ ነው፤ ንግግር ሲሰጠው ይበራል። ነገር ግን ከፊልጶስ ሞት በኋላ ፊት ለፊቱ የሚቆም፣ የሚፈራውና የሚወደው ሰው የለም። ክሌር ብሉም የተጫወተችው ባርሲኔ ያን ቦታ ልትሞላ ትሞክራለች፤ የተሰጣት ጊዜ ግን አጭር ነው። ተዋናዩ ለሕዝብ ይናገራል እንጂ ከሰው ጋር አይነጋገርም።

አሁን ትልቁን ጉድለት እንይ። በ332 ቅ.ል.ክ. መጨረሻ እስክንድር ግብጽ ገባ፤ ያለ ጦርነት ተቀበሉት። በ331 መጀመሪያ በአባይ አፍ አጠገብ እስክንድርያን መሠረተ። ከዚያም ሠራዊቱን ትቶ ከጥቂት ሰዎች ጋር በምዕራቡ በረሃ ተጉዞ ሲዋ ወደተባለችው የምንጭ ስፍራ ሄደ። እዚያ ግሪኮች ከዜውስ ጋር የሚያስተካክሉት የአሞን ቤተ መቅደስ ነበር። ካህኑ የአምላክ ልጅ ብሎ ተቀበለው። እስክንድር ብቻውን ወደ ውስጥ ገብቶ ጠየቀ፤ የተመለሰለትን ሙሉ በሙሉ ለማንም አልገለጠም። ጦርነት አልነበረበትም፤ ለስልት የማይጠቅም ጉዞ ነበር። የሄደው አንድ ነገር ሊጠይቅ ነው።

ሮሰን ይህን ሁሉ ዘለለው። ግብጽ የለችም፣ እስክንድርያ አልተመሠረተችም፣ ሲዋ የለችም። የማን ልጅ ነኝ እያለ አንድ ሰዓት ሙሉ የሚታገል ጀግና፣ በታሪክ ጥያቄውን ይዞ በረሃ ያቋረጠበት ቀን ከፊልሙ ተቆርጦ ወጥቷል። ሲዋ ብትኖር ኖሮ ፊልጶስ ከሞተ በኋላ የደረቀው ድራማ እንደገና ይነሣ ነበር። ልጁ የሞተ አባቱን ይክዳል ወይስ ያስባል? የእናቱን ቃል ያምናል ወይስ ይጠቀምበታል? ለወታደሮቹ የአምላክ ልጅ ነኝ ቢል የአባቱ አዛዦች፣ ፓርሜንዮንና ክሊቶስ፣ እንዴት ይቀበሉታል? በ328 እስክንድር በግብዣ ላይ ክሊቶስን በጦር ወግቶ የገደለው ከዚሁ ቁስል የተነሣ ጠብ ነበር፤ ክሊቶስ ፊልጶስን ከልጁ አብልጦ አወደሰ፣ የአሞንን ልጅነትም ነቀፈ። ፊልሙ ግድያውን ያሳያል። ሥሩን ስላላሳየን ግን የስካር አደጋ ይመስላል።

ቀንዱ የበቀለበት ዓመት

አሞን በበግ ቀንድ የሚሳል አምላክ ነው። እስክንድር በ323 በባቢሎን በ32 ዓመቱ ከሞተ በኋላ ከአዛዦቹ አንዱ የነበረው ሊሲማኮስ በገንዘቡ ላይ የእስክንድርን መልክ አስቀረጸ፤ በጆሮው ዙሪያ የበግ ቀንድ ተጠምዝዟል። ያ ገንዘብ በብዙ አገር ተዘዋወረ። ቀንዱ የሲዋ ምልክት ነው። ባለ ሁለት ቀንዱ ንጉሥ የተወለደው ከፔላ ቤተ መንግሥት ይልቅ በሊቢያ በረሃ ጫፍ ነው ማለት ይቻላል።

እስክንድርያም የራሷን ሥራ ሠራች። ከእስክንድር ሞት ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ፣ በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድኅረ ክርስቶስ ገደማ፣ በዚያች ከተማ በግሪክኛ አንድ ልብ ወለድ ታሪክ መልክ ያዘ። በዚህ መጽሐፍ እስክንድር የፊልጶስ ልጅ እንኳ አይደለም፤ አባቱ አስማተኛው የግብጽ ንጉሥ ኔክታኔቦስ ነው። ግብጻውያን ድል አድራጊውን የራሳቸው ልጅ አደረጉት። መጽሐፉ ወደ ሶርያኛ፣ ወደ አርመንኛ፣ ወደ ላቲን ተተረጎመ፤ ታሪኮቹ በአረብኛ ዓለም ተስፋፉ፤ ከአረብኛው ወደ ግእዝ ገቡ። የዓርቡም የግእዙም በር ወደ ኋላ ቢከተሉት መንገዱ በዚያች ፊልሙ በዘለላት አገር ያልፋል።

ለኢትዮጵያ ክርስቲያን ነገሩ ከዚህም ይቀርባል። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጳጳስ ሆኖ የተሾመው በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት በአትናቴዎስ ነው። ከዚያ ጀምሮ ለ1600 ዓመት ገደማ ጳጳሶቻችን ከዚያች መንበር ይላኩልን ነበር። ፊልሙ ሲወጣም ከመንበሯ በታች መሆናችን ገና አላበቃም ነበር፤ አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ የሆኑት በእኛ አቆጣጠር በ1951 ዓ.ም. ነው። አንድ የመቄዶንያ ወጣት በአባይ አፍ ያሰመረው የከተማ መሠረት በቀራንዮ መድኃኔዓለም ቅዳሴ ውስጥ እስካሁን ይሰማል። ይህን የመሰለ ውጤት ያለውን አንድ ዓመት ዘሎ የእስክንድርን ታላቅነት ማስረዳት ከባድ ነው።

ግእዙ የጠየቀው

እንግዲህ ሁለት እስክንድሮችን ጎን ለጎን እናቁም። የግእዙም እስክንድር ከታሪክ አንጻር ጉድለት አለው፤ እንዲያውም ከሮሰን ይልቅ ብዙ ነገር ለውጧል። ከክርስቶስ ልደት 300 ዓመት በፊት የሞተን ሰው ሥላሴን የሚያምን፣ ንጽሕናን የሚሰብክ ንጉሥ አድርጎታል። በንስር ወደ ሰማይ አውጥቶታል፣ በመስተዋት ሣጥን ወደ ባሕር አውርዶታል። እውነተኛው እስክንድር ፈጽሞ ያልረገጠውን የኢትዮጵያን ምድርም አስጎብኝቶታል።

ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ለውጥ ለአንድ ጥያቄ ያገለግላል። ሁሉን የያዘ ሰው የማይዘው ምንድን ነው? ወደ ሰማይ የሚወጣው ምድር ምን ያህል ትንሽ እንደሆነች እንዲያይ ነው። ወደ ጨለማ አገር የሚገባው ሕይወት በሰይፍ እንደማይገኝ እንዲማር ነው። ወደ ንግሥት ቀንዳኬ፣ በሐዋርያት ሥራ ህንደኬ ብለን በምናውቀው የማዕረግ ስም ወደምትጠራው፣ የሚሄደው ደግሞ እንዲሸነፍ ነው። ታሪኩ ያማረ ነው። እስክንድር ማንነቱን ደብቆ የራሱ መልእክተኛ መስሎ ወደ ቤተ መንግሥቷ ይገባል። እርሷ ግን አስቀድማ ሠዓሊ ልካ መልኩን በምሥጢር አስላዋለች። ወደ ውስጠኛው ክፍል ወስዳ በስሙ ትጠራዋለች። ዓለምን ያሸነፈው ሰው በአንዲት ሴት ብልሃት ተይዞ ይቆማል፤ ልትገድለው ስትችል ምሥጢሩን ጠብቃ በሰላም ትሸኘዋለች።

ከሁሉ በላይ የሚነካኝ ግን ለእናቱ የላከው መልእክት ነው። ሊሞት ሲል ግብዣ እንድታዘጋጅና ኀዘን ያልደረሰበት ሰው ብቻ እንዲገባ እንድታዝዝ ይጽፍላታል። ግብዣው ይዘጋጃል፤ ማንም አይመጣም። እናቲቱ ኀዘን የሁሉ እንደሆነ ትረዳለች፤ ልጇ ከሞት ወዲያ ሆኖ ያጽናናታል። የእኛ አገር ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ ማብራሪያ አያሻውም። ድንኳን የተተከለበትን ቤት፣ ከሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቦ የሚያስተዛዝነውን የእድር ጎረቤት ያውቃል። ሮሰን ዳንየል ዳርዩን የመሰለች ታላቅ ተዋናይት እናት አድርጎ ይዞ፣ በፊልሙ መጨረሻ ለእርሷ የሚሆን እንዲህ ያለ ትዕይንት አልነበረውም። የእርሱ እስክንድር ሲሞት ለማን ትተዋለህ ተብሎ ይጠየቃል፤ ለብርቱው ይላል፤ ፊልሙ ያበቃል። ሥልጣን የማን ይሁን የሚለው ተመልሷል። የሞተው ማን ነው የሚለው ሳይጠየቅ ይቀራል።

ዘመን በንጉሥ ውስጥ ራሱን ሲያይ

እያንዳንዱ ዘመን እስክንድርን በራሱ ምኞት ያለብሰዋል። ሮሰን በመጨረሻው ክፍል እስክንድርን ምሥራቅንና ምዕራብን አጋብቶ የሰው ልጆችን አንድ ሊያደርግ የተነሣ ባለ ራእይ ያደርገዋል። ይህን ሐሳብ ያስፋፋው ብሪታንያዊው የታሪክ ጸሐፊ ዊልያም ታርን ነው፤ በ1933 ባቀረበው ትምህርት እስክንድር የሰውን ወንድማማችነት ያሰበ የመጀመሪያው ነው አለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ የተባበሩት መንግሥታት በተመሠረተ ማግስት፣ ይህ እስክንድር ለብዙዎች ተስማሚ ነበር። ፊልሙ ከወጣ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1958 ኧርንስት ባዲያን የታርንን ማስረጃ አንድ በአንድ አፈረሰ፤ እስክንድር የፈለገው መቄዶንያውያንና ፋርሶች አብረው እንዲገዙ እንጂ የሰው ልጅ ሁሉ አንድ እንዲሆን አልነበረም አለ። ፊልሙ የቆመበት ትምህርት ከሥሩ ተነቀለ። የፊልሙ መጨረሻ ዛሬ ባዶ ንግግር የሚመስለን አንድም ለዚህ ነው።

ጥንትን ማልበስ ሁልጊዜ እንዲህ የዋህ አይደለም፤ ኢትዮጵያዊ ተመልካች ይህን ሊረሳ አይገባም። ሮም የሚገኘውን ቺኔቺታ ስቱዲዮ ሙሶሊኒ የመረቀው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1937፣ አዲስ አበባ በተያዘች በዓመቱ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የካርሚኔ ጋሎኔ ፊልም «ሺፒዮኔ ላፍሪካኖ» ሮም ጥንት በአፍሪካ ያገኘችውን ድል እያወደሰ በኢትዮጵያ ላይ የተፈጸመውን ወረራ የአባቶች ርስት ማስመለስ አስመሰለው፤ በቬኒስም የሙሶሊኒን ዋንጫ ተሸለመ። ሰንደቅ፣ ፈረስ፣ ዝሆንና አምድ ያለበት ፊልም በንጹሕ ሰው ላይ የሚወድቅ ቦምብን ሊያስጌጥ እንደሚችል የዚያ ዘመን ሰዎቻችን በሥጋቸው ያወቁት ነው።

በዚያው ቺኔቺታ የአሜሪካ ዳይሬክተር ሮበርት ዋይዝ «የትሮይዋ ሄለን»ን ሠራ፤ እርሱም በ1956 ወጣ። ስታንሊ ቤከር፣ ሃሪ አንድሩዝና ኒያል ማክጊኒስ በሁለቱም ፊልሞች ይታያሉ፤ አንድሩዝ እዚያ ሄክቶር፣ እዚህ ዳርዮስ ነው። የትሮይን ታሪክ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ግን አንድ ሰው ይፈልጋል። በጥንቱ የግሪኮች ትውፊት ሄክቶር ከሞተ በኋላ ትሮይን ሊረዳ ሠራዊት ይዞ የመጣው የኢትዮጵያውያን ንጉሥ ሜምኖን ነው፤ ከግራኒኮሱ ሜምኖን የተለየ ነው። የኔስቶርን ልጅ አንቲሎኮስን ገደለ፤ በአኪሌስ እጅም ወደቀ። የእርሱን ታሪክ የያዘው ቅኔ ጠፍቶ ቢቀርም ግሪኮች በሸክላ ዕቃዎቻቸው ላይ ደጋግመው ሥለውታል። ጥንታውያን ግሪኮች ኢትዮጵያ የሚሉት ምድር የዛሬዋን ድንበር አይከተልም፤ ቢሆንም በታሪካቸው ታላቅ ጦርነት ውስጥ ኢትዮጵያዊ ብለው የሚጠሩት ንጉሥ በክብር ነበራቸው። የዋይዝ ፊልም አላመጣውም። በአንድ ዓመት የወጡ ሁለት ፊልሞች፣ አንዱ ሲዋንና እስክንድርያን፣ ሌላው ሜምኖንን ጥለው ግሪክን ከአፍሪካ የተቆረጠች አገር አድርገው አሳዩ። የጥንት ግሪኮች ራሳቸው እንዲህ አላሰቡም ነበር።

በዚያው በ1948 ዓ.ም. አዲስ አበባ የራሷን ጥንታዊ ንጉሥ በመድረክ አቁማ ነበር። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ያኔ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር በኢዮቤልዩው በዓል ሲመረቅ የታየው የመኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦሪዮን» ነው፤ ደራሲው የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። ንጉሡ ዳዊት የወታደሩን ሚስት ወስዶ ባሏን ወደ ሞት የላከበት ታሪክ፣ ንጉሠ ነገሥት በነገሠበት ከተማ በአዲሱ መድረክ ተተወነ። የሮሰንና የመኮንን ጥያቄ እርስ በርሱ ሩቅ አይደለም፤ ሥልጣን የሚይዘውን ሰው ምን ያደርገዋል የሚል ነው። የእኛው መድረክ ግን ከሮሰን የበለጠ ነገር በእጁ ነበረው፤ ለንጉሡ በደሉን ፊት ለፊት የሚነግር ነቢይ በታሪኩ ውስጥ አለ።

እንደገና ማየት ምን ይጠቅማል

ጉድለት ያለበትን ፊልም መመልከት ጊዜ ማባከን አይደለም። ፍጹም ሥራ ተመልካቹን ያስደንቃል፤ የተሰነጠቀ ሥራ እንዴት እንደተሠራ ያሳያል። በስንጥቁ በኩል የገንዘቡን ጫና፣ የካሜራውን ምርጫ፣ የዳይሬክተሩን ሕሊና፣ የዘመኑን ምኞት ማየት ይቻላል። ስለዚህ ማንኛውንም የጥንት ዘመን ፊልም ለሚያይ ወጣት ሦስት ጥያቄ አቀርባለሁ። ፊልሙ ስለ ጀግናው የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ምንድን ነው? ጥያቄውን ለመመለስ የግድ የሚያስፈልግ የትኛውን ቀን ዘለለ? የተዘለለውስ የማን አገር ነው? በሮሰን ፊልም ሦስቱ ጥያቄዎች ወደ አንድ በረሃ ይወስዱናል።

ከዚህ ለአንባቢም ለፊልም ሠሪም ሥራ ይወጣል። ዋሊስ በጅ የግእዙን የእስክንድር መጻሕፍት በ1896 በሎንዶን ከእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር አሳተመ፤ ከ1868 በኋላ ወደ 350 የሚጠጉ የመቅደላ ብራናዎች በገቡበት በብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ የሚሠራ ሊቅ ነበር። የእንግሊዝኛ አንባቢ እነሆ ከመቶ ዓመት በላይ ቀንዳኬን፣ የጨለማውን አገርና የእናቲቱን ግብዣ በቀላሉ ያነባል። ተመሳሳይ ዕድል ለአማርኛ አንባቢ ይገባዋል። ዜና እስክንድር በጥሩ አማርኛ፣ ከነማብራሪያው፣ በኮልፌ ትምህርት ቤቶች ቤተ መጻሕፍት ሊገኝ ይገባል፤ የዙልቀርነይንን ታሪክ ከመድረሳ የተማረ ልጅና የሄኖክን ታሪክ ከቆሎ ትምህርት ቤት የሰማ ልጅ ስለ አንድ ንጉሥ በአንድ ክፍል የሚከራከሩበት መጽሐፍ ይሆናል።

ፊልሙም ቢሆን ከእነዚህ ልጆች ይወጣል ብዬ አምናለሁ። የዛሬ ወጣት ፊልም ሠሪ አሥር ሺህ ፈረሰኛና የስፔን ኮረብታ አያስፈልገውም። ሮሰን ያን ሁሉ ይዞ ያጣው አንድ ጠያቂ ሰው፣ አንድ በረሃና አንድ ያልተገለጠ መልስ ነው። ከሲዋ የሚጀምር፣ በቀንዳኬ ቤተ መንግሥት የሚሸነፍ፣ በእናት ግብዣ የሚያበቃ የእስክንድር ፊልም እስካሁን በየትኛውም አገር አላየሁም። ታሪኩን ለብዙ መቶ ዓመት ከጠበቁት ሕዝቦች መካከል እኛም ስላለንበት፣ ያንን ፊልም የመሥራት መብትም አለን፣ ኃላፊነትም አለብን።